ካውያ ላይ የተጣበቀውን እንዴት እናስለቅቅ?

አስቀድመው አረፍ ይበሉ። የካውያዎ ፊት ጠቁሮ፣ የሚያጣብቅ ነገር ይዞ፣ የነካውን ነጠላ ሁሉ ቡናማ እየቀባ ከሆነ አይደንግጡ። በደህና ቤት ሁሉ የሚደርስ ነው። በጥምቀት ዋዜማ ሲሆን እንደሚከብድ አውቃለሁ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ብለዋል አባቶች፤ በዋዜማው ስለተቃጠለ ቀሚስ ግን ያሉት ነገር የለም። እሱን እኔ እነግርዎታለሁ። በተራ ይከተሉኝ።

1. ካውያውን ከሶኬት ይንቀሉ። ራስዎ ይንቀሉት። ሠራተኛዋ ልጅ እያለቀሰች ነውና እጇ አይረጋም።

2. ካውያው እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ያህል አለዎት። ይህን ጊዜ በከንቱ አያሳልፉ፤ ጥፋተኛውን ይለዩበት። ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ማጽዳት ይሮጣል፣ ኋላም ንዴቱን የሚያሳርፍበት ያጣል።

ምርመራዎን በትዕግሥት ያካሂዱ። ቀሚሱን የገዙት እርስዎ ነዎት። ነጋዴው «ንጹህ ጥጥ ነው» ያለው እርስዎን ነው። ጨርቁ እውነትም ጥጥ ሊሆን ይችላል፤ የሚያብረቀርቀው ጥለት ግን ሰው ሠራሽ ክር ነው፣ ለጥጥ የሚበቃውን ሙቀት አይችልም። የካውያው ሙቀት መቆጣጠሪያ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ባለቤትዎም «አስጠግነዋለሁ» ካሉ ከርመዋል። ቅድም ደግሞ መብራት ድንገት ጠፋ። ልጅቷ ሻማ ፍለጋ ስትሄድ ካውያው ቀሚሱ ላይ እንደተደፋ ቀረ፤ መብራቱ ሲመጣ ካውያው ማንንም ሳይጠብቅ ሥራውን ቀጠለ።

እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ይመዝኑና ይለፏቸው። በራስዎ መቆጣት ለጤና ጥሩ አይደለም። ባለቤትዎን በበዓል ዋዜማ ማስቀየም አይገባም። መብራት ያጠፋውን ሰው አድራሻውን አያውቁም። ልጅቷ ግን እዚያው በሩ አጠገብ ቆማለች።

3. የተጣበቀው ምን እንደሆነ ይወቁ። ስታርች ከሆነ ቡናማ ቅርፊት ይሠራል። የቲሸርት ሥዕል ከሆነ ቀለሙ ይታያል። ፖሊስተር ወይም ናይለን ከሆነ ጠቁሮ፣ ሲሞቅ እንደ ሙጫ ይሳባል።

ለወደፊቱ መከላከያው ቀላል ነው። ከልብሱ አንገት በስተውስጥ በተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ላይ የካውያ ሥዕል አለ፤ በሥዕሉ ውስጥ ነጥቦች አሉ። አንድ ነጥብ ወደ 110 ዲግሪ፣ ሁለት ወደ 150፣ ሦስት ወደ 200 ገደማ ማለት ነው። በካውያው ላይም የጨርቁ ዓይነት በእንግሊዝኛ ተጽፏል። «ታዲያ ለምን አላነበበችም?» ብለው ይጠይቁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ልጅቷ ከገጠር ስትመጣ አራተኛ ክፍል ነበረች። የማታ ትማራለች ተብሎ ነበር፤ ማታ ግን እራት አለ። እርስዎ ዲግሪ አለዎት፣ እንግሊዝኛውም አይቸግርዎትም፤ ነገር ግን እርስዎ አይተኩሱም። ማንበብ የሚችለው አይተኩስም፣ የሚተኩሰው ማንበብ አይችልም። ቤቱ የቆመው በዚህ ነውና ይህን የሥራ ክፍፍል አይንኩት።

4. አሁን ወደ ማጽዳቱ። (ይህን የምነግርዎ ለልጅቷ እንዲነግሯት ነው እንጂ እርስዎን ላደክም አይደለም።)

ስታርች ከሆነ ካውያው በደንብ ይቀዝቅዝ። ጨርቅ በሞቀ ውሃና በሳሙና ነክራ፣ ጨምቃ ትጥረገው። ካልለቀቀ አቼቶ ትጨምርበት። አሁንም እምቢ ካለ ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ማንኪያ ውሃ ለውሳ ትቀባው፣ ቀስ ብላ ትሸው፣ በእርጥብ ጨርቅ ታንሳው። እንፋሎት የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ታጽዳ፤ ሶዳው እዚያ ከደረቀ በሚቀጥለው ቀን በነጭ ልብስ ላይ ይተፋል።

የቀለጠ ጨርቅ ከሆነ ቀዝቃዛ ካውያ አይለቀውም። ለብ ይበል፣ ከሶኬት ይነቀል፣ ከዚያ በእንጨት ማንኪያ ትግፋው። ቢላዋ አይሆንም። የድስት ሽቦም አይሆንም፤ በተለይ ፊቱ እንዳይዝ ተብሎ የተቀባ ካውያ አንዴ ከተጫረ ለሁልጊዜው ይይዛል። ካውያው ለብ ማለቱን የሚያረጋግጠው ሰው በጣቱ መንካት አለበት። እርስዎ አይንኩ።

በመጨረሻ ካውያው ይሰካና ምንም እስከማይወጣው ድረስ በአሮጌ ጨርቅ ላይ ይሂድ። አሮጌ ጨርቅ ካጡ ልጅቷ የለበሰችውን ይመልከቱ፤ የሰጧት እርስዎ ስለሆኑ አሮጌ መሆኑን ያውቃሉ።

5. ጎረቤትዎ «ፓራሲታሞል አድርጊበት» ትልዎታለች። በጋለው ብረት ላይ ክኒኑን በፒንሳ ይዞ ማሸት ነው። ክኒኑ ወደ 170 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወርዳል ይባላል። መስኮት ይከፈት።

ልጅቷ ጣቷን ተቃጥላ ከሆነ መድኃኒቶቹን አያምታቱ። በብዙ ቤት ክኒኑ ለካውያው ይሰጥና የተቃጠለው ጣት የጥርስ ሳሙና ይቀባል። ትክክሉ ቃጠሎን 20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ስር መያዝ ነው። ሆኖም 20 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ዶሮውም ገና አልተገነጠለም። ካውያውን ግማሽ ሰዓት ስለጠበቁት ለዛሬ የሚተርፍ ትዕግሥት አይኖርዎትም፤ ይህን ማንም ይረዳል።

6. የቀሚሱን ዋጋ ከደሞዟ ይቁረጡ። እዚህ ላይ አንዳንድ ቅን ሰው ሕግ ይጣሳል ብሎ ይፈራል። አይፍሩ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ እንደፈለገ ደመወዝ እንዳይቆርጥ ይከለክላል፤ በሕግ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ቢቆረጥ እንኳ ከወሩ ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ ይላል። ደስ የሚለው፣ ይኸው አዋጅ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን አይመለከትም። እርስዎ ደግሞ ከዚህች ልጅ ምንም አያተርፉም፤ ይህንኑ በየቀኑ ይነግሯታል። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የምትተኩሰዋ ልጅ በአዋጅ ትጠበቃለች፣ ቤት ውስጥ የምትተኩሰዋ አትጠበቅም። ስለዚህ የሚቃጠል ነገር ሲኖርዎት ሁልጊዜ ቤት ያስተኩሱ።

አዋጁ ለቤት ሠራተኞች የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚያወጣ ይናገራል። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም እንዲሁ ይል ነበር። አዩ፣ ደንብ ይህን ያህል ሲጠበቅ ካውያ እስኪቀዘቅዝ ምን ያስቸኩላል?

ዋጋው እስኪሞላ ጥቂት ወራት ሊወስድ ይችላል። ከፍላ ስትጨርስ ቀሚሱን ትውሰደው ወይ? አትወስደውም። የተቃጠለው ቦታ ታጥፎ ሲሰፋ አይታይም፤ ለቡና ጊዜ ይሆንዎታል።

7. ልጅቷ ከፍላ ሳትጨርስ ከሄደች ደላላው አለ። ካውያ ሲገዙ ጋራንቲውን እንዳልጠየቁ ትዝ ይልዎታል፤ ልጅቷን ሲቀጥሩ ግን ተያዥ ጠይቀዋል። ይህን ጥንቃቄ በአዲሲቷም ይድገሙት። «ትተኩሻለሽ?» ይበሏት። «አዎ፣ እትዬ» ትላለች። ይበቃል። መቆጣጠሪያው የቱ ጋ ሲዞር ምን እንደሚሆን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ትችላለች ተብላ አይደል የመጣችው?

8. ካውያውን ማስጠገንን በሚመለከት፣ ከልብ የምመክርዎ እንዲተዉት ነው። ተጠግኖ መያዙን ቢያቆም የቀድሞዋ ልጅ ጥፋት አልነበረባትም ማለት ይሆናል፤ እንቅልፍ ይነሳዎታል። ካልተጠገነ ግን አዲሲቷም በፋሲካ ዋዜማ አንድ ነገር ታቃጥላለች። ያን ጊዜ ካውያውን ከሶኬት ይንቀሉ፣ አረፍ ይበሉ፣ ለጎረቤትዎም ደውለው የዘንድሮ ሠራተኛ እጅ እንደሌላት ይንገሯት።