የ«ነዐም» ዓይነትና ጠባይ በዐሥረኛ ክፍል

የዐረብኛ መምህር ትምህርቱን ሲጨርስ «ፈሂምቱም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ገባችሁ ወይ ማለቱ ነው። ክፍሉም በአንድ አፍ «ነዐም፣ ያ ኡስታዝ!» ይላል፤ አዎን ማለቱ ነው። የነሕው (የሰዋስው) ሊቃውንት ስለ ግስ ርባታ፣ ስለ ባለቤትና ተሳቢ፣ ይልቁንም ስለ ዘይድና ዐምር ብዙ ጽፈዋል። (ዘይድ በሰዋስው መጻሕፍት ውስጥ በምሳሌነት ዐምርን መምታት ከጀመረ ከሺህ ዓመት በላይ ተቆጥሯል፤ እስካሁን ሽማግሌ አልገባም።) ስለ ተማሪ ነዐም ግን አንድም ምዕራፍ አላየሁም። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ለመሙላት ይሞክራል።

ነዐም በሁለት ዐበይት መደቦች ይከፈላል፤ ትምህርቱ ስለገባ የሚባልና ደወል ስለደረሰ የሚባል። የመጀመሪያው ለጥናት የሚበቃ ናሙና ስላልተገኘለት እናልፈዋለን። ሁለተኛው በልዩ ልዩ ንዑሳን ዓይነቶች ይታያል።

የቁርኣን ቤት ነዐም። ባለቤቱ ገና በልጅነቱ ተጅዊድ፣ ማለትም የቁርኣን አነባበብ ሕግ፣ የተማረ ነው። በነዐም ውስጥ ያለችውን የዐይን ፊደል ከመኽረጇ፣ ከጉሮሮው መሐል፣ ሳይቸኩል ያወጣታል። መምህሩ በድምፁ ጥራት ተማርኮ ምን እንደጠየቀ ይረሳል። ይህ ልጅ ረጃጅም ሱራዎችን በቃሉ ይወጣል፤ «መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲሰጡት ግን ከየትኛው ሱራ እንደሆነ ይጠይቃል።

የጅዳ ነዐም። በጥብቅ ሲመረመር ነዐም ሳይሆን «አይዋ» ነው። ጅዳ ተወልዶ ከወላጆቹ ጋር የተመለሰ ልጅ ይለዋል። በዐረብኛ ፍጥነት መምህሩን ያስከነዳል፤ ከባለሱቅ ጋር ቢከራከር ይረታል። መምህሩ አፉን ሲከፍት ዜና የሚነበብ ይመስለዋል። በፈተና ቀን ግን ይወድቃል፤ የሰፈሩ ዐረብኛ በቃላት መጨረሻ ላይ ያሉትን አናባቢዎች ትቷቸዋል፣ ፈተናው ደግሞ የሚጠይቀው እነርሱኑ ነው። ሲወድቅም «ዐረቦች እንዲህ አይሉም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ አይሉም።

የኅብረት ነዓም። ከሁሉም የሚልቀው ይህ ነውና ረጋ ብለን እንየው። አንባቢ በአጻጻፉ ላይ ያለውን ልዩነት ልብ ይበል። አማርኛ አልፋውን አ እና ዐይኑን ዐ በፊደል ለይቶ በድምፅ አንድ አድርጓቸዋል፤ በዚያ ላይ የእነርሱን ግዕዝ ከራብዑ አይለይም። (ቤቱ ትግርኛ የሚነገር ልጅ በዚህ መደብ አይገኝም፤ ዐይንን ከእናቱ ተምሯታል።) እናም ዐርባ ጉሮሮ በአንድነት ሲከፈት አጭሩ ነዐም ተለጥጦ «ነዓ...ም» ይሆናል። በዐረብኛ ነዓም ሰጎን ነው፤ አንዲትም ሳትሆን መንጋ። ስለዚህ መምህሩ «የአሁን ጊዜ ግስ ሕግ ገባችሁ?» ሲል ክፍሉ «ሰጎኖች፣ ኡስታዝ!» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ከጥያቄው ጋር ባይገናኝም በፍጹም እምነት የተሰጠ ነው።

በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የበስራው ሊቅ ኸሊል ኢብን አሕመድ መዝገበ ቃላቱን ሲያዘጋጅ ፊደላቱን ከጉሮሮ ወደ ከንፈር ደረደራቸው። በዐይን ስለጀመረም መጽሐፉ «ኪታብ አል ዐይን» ተባለ። የእኛን ክፍል ሰምቶ ቢሆን ከከንፈር በጀመረ።

የኅብረት ነዓም በራሱ በዴስክ አቀማመጥ ይከፋፈላል። የፊት ረድፍ ነዓም ቀድሞ ይነሣል፤ መምህሩ «ፈሂም...» ሲል ደርሷል። የመሐል ረድፍ ነዓም የፊቱን ተከትሎ ይወጣል፣ ራሱን ችሎ ሲወጣ አልታየም። የግድግዳ ጥግ ነዓም ድምፅ የለውም፤ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ አንዳንዴም የሚንቀሳቀሰው በቆሎ ቆሎ ስላለበት ነው። የኋላ ወንበር ነዓም ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ ብቻውን ይመጣል፤ ያለው ልጅ አሁን ነው የነቃው። እኔ በግሌ የማከብረው ይህንን ነው። ቢያንስ የማንንም ፊት አይቶ አላለውም።

በዚህ ላይ የዝናብ ቀን ነዓምን፣ የርእሰ መምህር ጉብኝት ነዓምንና የሐሙስ ከሰዓት ነዓምን ለመጨመር አስቤ ነበር። ሆኖም ከመሐል ረድፍ የተነሣ አንድ ልጅ ድልድሉን አፈረሰው።

የዕለቱ ትምህርት «ለም» ነበረች። ለም አፍራሽ ናት፤ ከአሁን ጊዜ ግስ ፊት ስትገባ የግሱን የመጨረሻ አናባቢ ትቆርጠዋለች። «ፈሂምቱም?» አልኩ። ሰጎኖቹ አለፉ። ልጁ እጁን አውጥቶ «ለም አፍሀም ሃዛ አድደርስ» አለ፤ ይህ ትምህርት አልገባኝም ማለቱ ነው። አፍሀሙ አላለም፤ አፍሀም አለ። ዐረብኛ ንግግር ሲያበቃ አናባቢን እንደሚውጥ የታወቀ ነው፤ እርሱ ግን መሐል ላይ ነው የቆረጣት፣ መደበቂያ በሌለበት ቦታ። ሕጉ እንዳልገባው የተናገረው በሕጉ ነው።

ነጥብ ልሰጠው ብል ራሱ አልገባኝም ብሏል። ገብቶሃል ብለው በአደባባይ ሐሰተኛ ማድረጌ ነው። መጨረሻ ላይ እንደ ወጉ አደረግሁ፤ እንደገና አስረዳሁት፣ ጥቁር ሰሌዳውን ሞልቼ፣ ሰንጠረዥ ሠርቼ፣ ዘይድንና ዐምርንም ጠርቼ።

ከዚያ ወዲህ «ለም አፍሀሙ» ይላል።