«ፈታኋት እንዴ?»

ከቤት ከወጣ ዓመት አልፎታል። እህቱ ቤት ያድራል፤ ልብሱንም እዚያው አጓጉዟል። ስለ ልጆቹ ወጪ ሲጠየቅ ግን «ፈታኋት እንዴ ቀለብ የምቆርጥላት?» ይላል። ታዲያ የቤቱን አስቤዛ ሙላ ሲባል «አብረን አንኖርም!» ብሎ ይቆጣል። ትዳሩ ከቀለብ፣ መለያየቱ ከአስቤዛ ነፃ አውጥቶታል። እንዲህ ያለ አባወራ በየሰፈሩ አለ።

አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ተስማምተው ለየብቻ እንዲኖሩ ይፈቅዳል። ከልጅ ወጪ የሚያሰናብት አንቀጽ ግን የለውም። ቀለቡ በወላጅነት የመጣ ዕዳ ነው፤ ምግቡ፣ መጠለያው፣ ልብሱ፣ ሕክምናውና ትምህርቱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። መጠኑ የሚወሰነው በተቀባዩ ፍላጎትና በሰጪው አቅም ነው።

«አቅም» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ሰውየው እዚያው ይደኸያል። ሽማግሌ ልኮ ሲያጫት «ሁለት ሚኒባስ አለው» ተብሎለት ነበር፤ ዛሬ ሚኒባሶቹ የወንድሙ ሆነዋል። ስልኩ ላይ በቴሌብር የላካትን አምስት መቶ ብር ለአስታራቂ ሽማግሌዎች ያሳያል፤ የተላከበትን ወር አውራ ጣቱ ሸፍኖታል። እሑድ እሑድ ልጆቹን ፒዛ ጋብዞ ፎቷቸውን ይለጥፋል። ሰኞ ምሳ ዕቃቸው ውስጥ ምን እንደሚገባ መጠየቅ ለእሱ በሰው ቤት ጣልቃ መግባት ነው።

እናትየውም ከትዝብት አታመልጥም። «ለአባትህ ዘይት አልቋል በለው» እያለች የስምንት ዓመት ልጇን ዕዳ ሰብሳቢ አድርጋዋለች። አክስቶቿ ደግሞ «ፍርድ ቤት ከሄድሽማ ፈታሽው ማለት ነው» ብለው አስፈራርተዋታል። ሳይፋቱም ለልጅ ቀለብ መጠየቅ እንደሚቻል፣ ያለ በቂ ምክንያት የሚከለክልንም ሰው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንደሚቀጣ የነገራት የለም። ሁሉም ትዳሯን ይጠብቁላታል፤ ጤፍ የሚያመጣላት ግን የለም።

ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ የሚሰበሰቡት እሷው ቤት ነው። ቡናው የእሷ፣ ዳቦው የእሷ። እሱ «እኔ ቤተሰቤ እንዲበተን አልፈልግም» ብሎ ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ ሽማግሌዎቹም «አየሽ፣ ልቡ እዚህ ነው» ይላሉ። በረካውን ጠጥቶ ሲነሳ ወደ ጓዳ ብቅ ይልና «ጤፉን ከየት ነው የምትገዥው? የእህቴ ቤት እንጀራ አልስማማኝ አለ» ይላታል።