የጭንቅላቱ ድርሻ

የአዲስ አበባ ሰው ከጻድቃኔ ማርያም ሲመለስ ሰላ ድንጋይ ላይ ወረድ ብሎ ምሳ ይበላል። ምሳው ሲያልቅ ርኅራኄው ይጀምራል። አንዲት ወጣት፣ አንድ ሽማግሌ የወጥ ትራፊ ለውሻቸው ሲደፉ አይታ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«አባባ፣ ሽንኩርት እኮ ለውሻ መርዝ ነው!»

ሽማግሌው ሳህኑን እንደያዙ ውሻውን አዩት፤ ውሻውም እሳቸውን አየ። «ልጄ፣ ይሄ ያደገው በሱ ነው» አሏት።

ልጅቷ አልተሳሳተችም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 300 ግራም ያህል ሽንኩርት ባንዴ ከበላ ሊታመም ይችላል፤ ጥቂት በጥቂት መጠራቀሙም ደግ አይደለም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። የተሰረቀ ሊጥ ሆድ ውስጥ ኩፍ ይላል፤ ያሰክራልም። ቸኮሌትና ዘቢብም ለውሻ ክፉ ናቸው፣ የሰላ ድንጋይን ውሻ ግን አያሰጉትም፤ ቀድሞት የሚደርስ ልጅ ሞልቷል።

ልጅቷ ያላየችው በጓሮ በኩል ያለውን ነው።

አገሩ የበግ አገር ነው። ታዲያ አንዳንዴ ደህና የነበረ ጠቦት አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጣል ያደርግና ከመንጋው ተነጥሎ ባለበት ይሽከረከራል። አዙሪት ይሉታል። አንዱ ዓይን በላው ይላል፣ ሌላው ብርዱ ነው ይላል፤ ቢላዋ ይሻላል በሚለው ግን ሁሉም ይስማማል። ሥጋው ለቤተሰቡ፣ ቆዳው ለነጋዴ፣ ጭንቅላቱ ለውሻ።

ያ ጭንቅላት ሲፈለጥ አንጎሉ መሃል ውሃ የቋጠረ ስስ ከረጢት ይገኛል፤ እንቁላል የሚያክልም አለ። በውስጥ ግድግዳው ላይ ነጫጭ ፍንጣሪዎች ተለጥፈዋል። እያንዳንዷ ፍንጣሪ የኮሶ ትል ራስ ናት። ውሻው ከረጢቱን ሲውጥ በጎቹን የሚያዞረውን ትል በደርዘን ዋጠ ማለት ነው። ትሎቹ አንጀቱ ውስጥ ያድጋሉ፣ እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር መስኩ ላይ ይወድቃል፣ ጠቦት ይግጠዋል፣ ከወራት በኋላ ሌላ በግ መሽከርከር ይጀምራል። ባለቤቱም ዓይን የሚያበላውን ጎረቤት ይፈልጋል። ጥፋተኛው ደጃፉ ላይ ጅራቱን እየቆላ ተኝቷል፤ እሱን ምንም አላመመውም።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ በበላበት እንደሚጸዳዳ ግን የተረተ የለም።

የበዓል ዕርድ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ወደ ባለቤቱ ይዞራል። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የያዘ ከረጢት ሲገኝ «ይሄስ ለሰው አይሆንም» ይባልና ወደ ውሻው ይወረወራል። ይህኛው ትል ሌላ ነው፤ ሰውንም አይምርም። እንቁላሉ የውሻው ጠጉር ላይ ይጣበቃል፣ ልጁ ውሻውን ዳብሶ በዚያው እጁ ቆሎ ይዘግናል። ከረጢቱ ከዚያ በኋላ የሰው ጉበት ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ለዓመታት ያድጋል፤ እስከ ቀዶ ሕክምና የሚያደርስበት ጊዜም አለ። ለሰው አይሆንም የተባለው ነገር እንዲህ ዞሮ ሰው ቤት ይገባል።

መላው የታወቀ ነው። የታመመውን ብልት ማቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር፤ ውሻውንም ማከም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ለሁለተኛው ትል ውሻው በዓመት ቢያንስ 4 ጊዜ ፕራዚኳንቴል እንዲሰጠው ይመክራል። ይህን ለአንድ ባለ በግ ስነግረው ለራሱም ኪኒን በዓመት 4 ጊዜ እንደማይውጥ በኩራት ነገረኝ። ጭንቅላቱን እንኳ ቅበር ስለው ግን ተቆጣ።

«የውሻ ድርሻ እኮ ነው! ድርሻውን ነፍጌው ማታ ጅብ ቢመጣ ማን ሊጮህልኝ? አንተ?»