ጎርፋ በማዳበሪያ ክር

እናንተ እኩዮቼ፣ እስቲ ፍረዱኝ። ነገሌ ቦረና ውስጥ ቅዳሜ ማለት ድሮ ሰው አረፍ የሚልበት ቀን ነበር። ዛሬ ቤት የሚገለበጥበት ቀን ሆኗል። ልጄ ሶላሩን እጠግናለሁ ብሎ ጣራ ላይ ነው፤ ምራቴ ከልብስ ክምር ጋር ትታገላለች፤ የልጅ ልጆቼ ግቢውን በዶቃና በክር አጥለቅልቀውታል። ትምህርት ቤታቸው “የባህል ዕቃ ሠርታችሁ ኑ” ብሏቸው ነው አሉ። ለመቼ? ለሰኞ!

ጎርፋ፣ ያ የወተት ዕቃችን፣ እኮ የወራት ሥራ ነው፣ ወገኖቼ። የቦረና ሴት የዱሩን ሥር ቆፍራ፣ ልጣና ሰንጥቃ፣ በወስፌ እያጠበቀች ትሰፋዋለች። ሲያልቅ ወተት ጠብ አያደርግም። ከዚያ በፍም ይታጠናል፤ ወተቱ የጭሱን መዓዛ ይዞ ይወጣል። የልጅ ልጄ ግን በምን ብትሰፋው ጥሩ ነው? በማዳበሪያ ከረጢት ክር! ያውም አረንጓዴና ሮዝ። “አካኮ፣ ይሄኛው አይበሰብስም” አለችኝ። የእኛስ መቼ በሰበሰ? የሟች ባለቤቴ ጎርፋ ምስጥ እስከበላው ቀን ድረስ ምንም አልሆነም ነበር።

ኦኮሌንማ አታንሱብኝ። ላም የሚታለብበት ኦኮሌ በእኛ ጊዜ ከቀጭኔ ቆዳ ነበር የሚሠራው። እንዴት ያለ ዕቃ! ቀጭኔ መጣል ደግሞ የወንድ ወጉ ነበር። ዛሬ ቆላ ውረዱና አንዲት ቀጭኔ አሳዩኝ እስቲ። ብርቅ ሆናለች! ይህ ትውልድ ምን እንዳደረጋቸው እግዜር ይወቀው።

ውሃውስ? በቦቴ ይመጣል፣ በቢጫ ጀሪካን ይቀዳል፣ ምራቴ ደግሞ መድኃኒት ጨምራ ጣዕሙን ትገድለዋለች። የድሮው የነገሌ ውሃ ነበር ውሃ ማለት! እዚሁ ጎረምሳ ሆኜ አስታውሳለሁ። ጥር 1966 የ4ኛው ብርጌድ ወታደር ፓምፑ ተበላሽቶበት፣ መኮንኖቹ ከጉድጓዳቸው አናካፍልም ቢሉት ተነሣ። ንጉሡ የላኳቸውን ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዞ ራሱ የሚበላውን ቀለብ አበላቸው፣ ራሱ የሚጠጣውን ውሃ አጠጣቸው። ዓመቱ ሳይዞር መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ያ ውሃ ጉልበት ነበረው! የዛሬው ምን ያንቀሳቅሳል? የእኔን ሆድ እንኳ አያንቀሳቅስም።

የቦረናን ኤላስ፣ ጥልቁን የውሃ ጉድጓድ፣ ያያችሁ አላችሁ? ዘጠኙ ቱላ ይባላሉ፤ ዱብሉቅ አንዱ ነው። ጎበዛዝቱ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያሻግሩታል። ላብ፣ ዘፈን፣ ፍቅር! ሞተር ሲያወጣው ማን ይዘፍናል? እኔ ራሴ ገብቼ አላውቅም፤ ከላይ ጥላ ሥር ተቀምጬ እጠጣ ነበር፤ ቢሆንም ድካሙ ደስ ይል ነበር።

ወደ ቅዳሜዬ ልመለስ። ከሰዓት በኋላ ያቺ የማዳበሪያ ጎርፋ ጠፋች። ልጅቱ አለቀሰች፣ ወንድሟ ተጠረጠረ፣ ልጄ ከጣራ ወረደ፤ ሶላሩም ሳይጠገን ቀረ። አልጋ ሥር፣ ጓዳ፣ የጀሪካኑ ጀርባ፣ ሁሉም ተፈተሸ። ለካ ዶሮይቱ ከማገዶው ኋላ ገብታባት ኖሯል። እንቁላል ጥላ፣ ነገሥታት እንደሚቀመጡ ተንሰራፍታ ተቀምጣለች! እኔ ስስቅ የልጅቱ ወንድም፣ ያ ትንሹ አውሬ፣ ስልኩን አውጥቶ ቀርጾኝ ኖሮ ቲክቶክ ላይ ለቀቀኝ። ስንት ዘመን በክብር የኖረ ሽማግሌ ከዶሮ ጋር ዓለም ይየው? ያውም ጢሜ በግማሽ ነው የታየው። አምስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት፤ ያው ግማሽ ነው። እንደገና ቅረጸኝ ብለው ዶሮዋ ተነሥታለች አለኝ።

ቡናስ ቢሆን? በእኛ ጊዜ ቡና ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ፣ ወተት ተጨምሮበት ሽማግሌ ይመርቅበት ነበር። አሁን ምራቴ ከጠዋት ፔርሙስ ሞልታ “አባባ፣ ሲያሻዎ ይቅዱ” ብላኝ ትሄዳለች። ማን ይመርቅ፣ ማንስ ይመረቅ? ፔርሙሱ በእርግጥ እስከ ማታ ትኩስ ያቆያል፤ ለዚህም ነው አልጋዬ አጠገብ የማስቀምጠው፤ ሌሊት ዜና ስሰማ ይጠቅመኛል። ዜናውን የምሰማው በስልክ ነው፤ ሬዲዮ ዛሬ ምን ዋጋ አለው፣ ይንጫጫል።

የስልኬ መስታወት ተሰንጥቋል። ስለዚህ ልጅቱን ጠርቼ፣ ያንን የፕላስቲክ ክር ጣይና ከእውነተኛው ሥር የስልክ ማቀፊያ ስፊልኝ አልኳት፤ ዳር ዳሩ ላይ ዛጎል ይኑርበት፣ ካሜራው እንዳይሸፈን። ነገ ቤተ ክርስቲያን ይዤው ስለምሄድ ዛሬ ማታ ይለቅ ብያታለሁ።