ዋዛና ቁም ነገር፦ የአንድ የአሶሳ ሠራተኛ የሥራ፣ የልብና የዕቁብ አያያዝ ጥናት

ይህ ጥናት የተካሄደው በአሶሳ ከተማ፣ ስሙ በማይጠቀስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ናሙናው አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው ለናሙና ያንሳል የሚል ተቺ ቢነሳ፣ ሁለተኛውን ፍለጋ ብንወጣ አንደኛውም ይጠፋብን ነበር ብለን እንመልሳለን። ተጠኚው የ32 ዓመት የዕቅድ ባለሙያ ነው፤ ያላገባ፣ ከሰው የማይጣላ፣ የጠዋት ፊርማ የማያሳልፍ። አጥኚው ተጠኚውን በቅርብ ያውቀዋል፤ የሚላጩት በአንድ መስታወት ነው። ይህ ገለልተኝነትን ይጎዳል የሚል ቢኖር፣ መስታወቱ ትንሽ ስለሆነ ሁለቱ አብረው ቆመውበት አያውቁም።

የፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 እንዳይበልጥ ይደነግግ ነበር። ክልሎች የየራሳቸው ሕግ ቢኖራቸውም ቁጥሩን ለመነሻ ወስደነዋል። ከ39ኙ ሰዓት ስንቱ በዕቅድ ዝግጅት፣ ስንቱ ደግሞ ፋይናንስ ክፍል በር አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ በማየት እንደሚያልፍ ለይቶ የሚያሳይ ቅጽ ግን እስካሁን አልታተመም። የፊርማ ወረቀቱ የሚጠይቀው ገባህ ወይ ብሎ ነው፤ ወዴት ስታይ ዋልክ አይልም። ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ፤ አንዳቸውም ይህን ክፍተት አልደፈኑትም።

በዚያ ጠረጴዛ የሚቀመጠው ባልደረባ ወንድ ነው። ተጠኚውም ወንድ ነው። አንባቢ እዚህ ላይ ሻዩን አስቀምጦ ዙሪያውን ቃኘት ቢያደርግ አንቀየምም፤ ተጠኚው ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ሕጉን እንይ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጉዳዩን በአንቀጽ 600 ይዞት ነበር። በ1996 የወጣውና አሁን የምንተዳደርበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ይዞታል። ነገሩ በግማሽ ምዕተ ዓመት የ29 ቁጥር ዕድገት አግኝቷል ማለት ነው፤ ተጠኚው በሥራ ዘመኑ ያገኘው የእርከን ዕድገት 2 ነው። ቅጣቱ ቀላል እስራት ሲሆን፣ ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። «ቀላል» የሚለውን ቃል የመረጡት ሰው ታስረው እንደማያውቁ እንገምታለን። አንቀጹ የሚቀጣው ድርጊትን ነው። ሰው እስኪገባ ድረስ የሟሟ ስኳር ማማሰል፣ ያልተበላሸ ካልኩሌተር ይዞ ፋይናንስ ክፍል ድረስ መሄድ፣ የሌላ ሰው ሹራብ ወንበር ላይ ሲረሳ አጥፎ ማስቀመጥ አልተጠቀሱም። ሕግ አውጪው አላሰባቸውም፤ ወይም ደግሞ ሁሉንም ሠራተኛ ማሰር ይሆናል ብሎ ፈርቷል።

በአራዳ ቋንቋ ፎንቃ የሚባለው ሁኔታ መቼ እንደጀመረ በትክክል ይታወቃል፤ በግንቦት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ በማንጎ። በአሶሳ በዚያ ወቅት ማንጎ የሚገዛ ሰው እንግዳ ብቻ ነው፤ ሌላው ወይ ከጓሮው ይለቅማል ወይ ከጎረቤት ይላክለታል። ባልደረባው ከመሳቢያው ትንሽ ቢላ አወጣ፣ ማኅተሙን ወደ ጎን ገፋ፣ በአሮጌ የወጪ ማስመዝገቢያ ወረቀት ላይ ልጣጩን ሳይበጥስ፣ እንደ ክር ጥቅል፣ ከላይ እስከ ታች አወረደው። ከዚያ ከፍሬው በሁለቱም ጎን ቆርጦ አንዱን በቢላው ጫፍ ለተጠኚው ዘረጋለት። «እንካ ወንድሜ» አለው። ተጠኚው ከሁለቱ ቁራጭ የተሰጠው ትልቁ እንደነበር ይምላል። ሚዛን አልነበረም። አጥኚው ግን ተጠኚውን ያምነዋል።

አሁን ወደ ጥናቱ ዋና ግኝት ደርሰናል፤ ቦታም የምንሰጠው ለዚሁ ነው። አሶሳ ላይም ሆነ አዲስ አበባ፣ ሁለት ወንዶች ትንሿን ጣት በትንሿ ጣት ቆልፈው መንገድ ሙሉ ቢሄዱ የሚዞር አንገት የለም። ወታደር ከወታደር፣ ሽማግሌ ከሽማግሌ፣ ተማሪ ከተማሪ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሄዳል። አንዱ የሌላው ትከሻ ላይ ተደግፎ አውቶቡስ ይጠብቃል፣ አንድ አልጋ ላይ ያድራል፣ ያጎርሰዋል፣ አንገቱን አቅፎ ያወራዋል። ወንድና ሴት እንዲህ ቢያደርጉ ቢሮው ለሁለት ሳምንት ሥራ ይፈታ ነበር። ባልደረባው ለምሳ ሲወጡ የተጠኚውን እጅ ይዞ ነው የሚያወራው፤ ስለ ቤት ኪራይ ሲናደድ ይጨብጠዋል፣ ሲስቅ ያወዛውዘዋል። ከመላው መሥሪያ ቤት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ የሚሄድ አንድ ወንድ ብቻ ነው። የሚያፈቅረው እሱ ነው። ሌሎቹ ምንም ስለሌለበት ይያያዛሉ፤ እሱ ስላለበት እጁ ብቻውን ኪስ ውስጥ ያልበዋል።

ይህን ኪስ ያስተዋለ ሰው ቢኖር የመዝገብ ቤቷ እትዬ ናቸው። እትዬ የሚገባና የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ቁጥር ይሰጡታል፤ ሰውንም እንዲሁ። «አንተ ልጅ፣ ዘንድሮም ብቻህን ልትከርም ነው?»

«እትዬ፣ ኑሮው አልፈቀደም።»

«ኑሮ መቼ ፈቅዶ ያውቃል! እኔ ስንቱን የዳርኩ ሴትዮ!»

ተጠኚው የዕቅድ ባለሙያ እንደመሆኑ ምክንያቶቹን በሩብ ዓመት ከፍሏቸዋል። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ትምህርት ጀምሯል፤ በሁለተኛው ቤት ኪራይ ተጨምሮበታል፤ በሦስተኛው እናቱን ያማቸዋል። በአራተኛው የበጀት መዝጊያ ስለሆነ የሚጠይቀው የለም። እናቱ ደህና ናቸው።

ሦስተኛው የኑሮው ዘርፍ ዕቁብ ነው። ለዚሁም በየሁለት ወሩ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በጸጥታ ችግር በተዘጋባቸው ዓመታት የአውሮፕላን ቲኬቱ የዕቁቡን መዋጮ ስለሚበልጥ፣ ከዕቁብ የሚከስር ብቸኛው ዕቁብተኛ ሆኖ ቆይቷል። የሚያድረው አክስቱ ቤት፣ ሸጎሌ ነው። የሰፈሩ ስም የመጣው አሶሳን ይገዙ ከነበሩትና ለምኒልክ ወርቅ ይገብሩ ከነበሩት ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው። ተጠኚው አሶሳን ሸሽቶ አገር አቋርጦ ሲደርስ የሚተኛው በአሶሳ ገዥ ስም መሆኑን ልብ ይሏል።

ዕቁቡ የሚሰበሰብበትን ቦታ አንጠቅስም። መጋረጃ አለው። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ይከፈታል፤ የሚያየው የለም። አንዱ ወጥ ይሠራል፣ አንዱ የእህቱን ሠርግ ቪዲዮ እያሳየ ጭፈራውን ይተቻል፣ አንዱ ደግሞ የትኛው የመሥሪያ ቤቱ ሰው እንዳየውና እንዴት እንዳየው ሰዓት ጠቅሶ ይተርካል። ደብተሩ ሁልጊዜ ጠረጴዛ ላይ ነው። በር ሲንኳኳ ሁሉም ወደ ደብተሩ ያጎነብሳል፤ የጸሐፊውም ድምፅ ከክራር ወደ በገና ይወርዳል፤ «ሦስተኛ ዙር፣ ያልከፈለ ማነው?» ያንኳኳችው ወንፊት ልትዋስ የመጣች ጎረቤት ናት። ደብተሩ የውሸት ነው ብሎ የሚጠረጥር ይሳሳታል። ገንዘብ ይዋጣል፣ ዕጣ ይወጣል፤ አከራዩ በሌሊት ዕቃውን ላስወጣበት አባል ዕጣው ሳይወጣለት ተሰጥቶታል። በነሐሴ 2015 የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች በተመሳሳይ ጾታ ጉዳይ እርምጃ እንደሚወስድ ሲያስታውቅና ሕዝቡ ጥቆማ እንዲሰጥ ሲጠይቅ፣ ዕቁቡ ለአራት ዙር አልተሰበሰበም። ወንፊቷ ግን ተመልሳለች።

የዕቁቡ አባላት እርስ በርሳቸው የሚጠራሩት «ዜጋ» እየተባባሉ ነው። «እሱ ዜጋ ነው እንዴ?» ይላል አንዱ፤ ሌላው ቅንድቡን ያነሳል። ባሕር ማዶ ያሉት እንኳ ስም አውጥተው፣ ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌ ብለው በአደባባይ ተደራጅተዋል፤ እዚህ ላለው ያለችው ይህቺው ቃል ናት። ተጠኚው ሰኞ ጠዋት አሶሳ ተመልሶ ደረጃውን ሲወጣ በሩ ላይ በትልቅ ሰሌዳ «የዜጎች ቻርተር» የሚል ይቀበለዋል። ዜጋ መጥቶ በስንት ደቂቃ እንደሚስተናገድ ተዘርዝሯል፤ ቅሬታ ያለው ዜጋ ወደ የትኛው ቢሮ እንደሚሄድም ተጽፏል። ተጠኚው ለሰባት ዓመት በየጠዋቱ አንብቦታል። ወደ ቅሬታ ሰሚው ቢሮ ሄዶ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ተጠኚውና ባልደረባው ለድጋፍና ክትትል ወደ ማኦ ኮሞ ልዩ ወረዳ፣ ቶንጎ ተላኩ። አበል የታሰበላቸው ለሦስት ቀን ነው። በባምባሲ በኩል አቧራ ለብሰው ሲደርሱ መኝታ ቤቱ ውስጥ የቀረው አንድ ክፍል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ አልጋ ነበር። ተጠኚው መኪናው ውስጥ አድራለሁ አለ። ባልደረባው ሳቀበት፤ «ምን ሆነሃል? ወንድማማቾች አይደለንም እንዴ!» ብሎ ጫማውን አወለቀ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከደቂቃዎች በኋላ ማንኮራፋት ጀመረ። ተጠኚው በአልጋው ጠርዝ፣ አንድ እግሩ መሬት ነክቶ፣ ሌሊቱን በቁጥር ሥራ አሳልፏል። የጣሪያው ቆርቆሮ 46 ሸንተረር አለው። ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ተረጋግጧል። አንድ ጊዜ የተኛው ሰው ክንድ በእንቅልፍ ልቡ ዞሮ ደረቱ ላይ አረፈ፤ ቆጠራው 31 ላይ ተቋርጦ እንደገና ተጀመረ። ሌላ የሚመዘገብ ነገር አልተፈጠረም። ጠዋት ደረሰኝ ጠየቁ፤ ባለቤቷ «አንድ አልጋ፣ ሁለት ሰው» ብላ ጽፋ ማኅተም አደረገችበት።

ባልደረባው በጥር አገባ። ሙሽራይቱ ከጤና ጣቢያ ናት፤ መልካም ሰው ናት፤ ይህም ነገሩን አላቀለለውም። ሚዜነቱ ለተጠኚው ተሰጠ፤ «ካንተ ወዲያ ማን አለኝ» ተብሎ። ለሱፉ ዕቁቡ ደረሰለት፤ ዕጣው ወጥቶለት ይሁን ተሰጥቶት ደብተሩ አያሳይም። በሠርጉ ላይ የሙሽራው አጎቶች ዋዛ ነፉ። ዋዛ በአማርኛ ቀልድ ነው፤ በበርታዎች ዘንድ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። እያንዳንዱ ነፊ ያለችው አንዲት ድምፅ ብቻ ናት፤ ተራው ሲደርስ እሷኑ ነፍቶ ዝም ይላል፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም በየተራው ሲሰነዝር ነው። አንዱን ነፊ ለብቻው ወስደህ ብትሰማው ዘፈን ይሁን ጥሪ አይታወቅም። ተጠኚው ይህን ሲሰማ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሙሽራው ከኪሱ አውጥቶ ያዘው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ዳሱ ገቡ። አንድም አንገት አልዞረም። እትዬ ብቻ ሲያልፍ ክርኑን ነካ አድርገው «አይዞህ» አሉት። ለምን እንዳሉት አልተጠየቁም፤ የወጪ ቁጥርም አልተሰጠውም።

በሰኔ የበጀት መዝጊያ ደርሶ ሁሉም ሠራተኛ የመስክ ሂሳቡን እንዲያወራርድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ባልደረባው ራሱ ጠረጴዛው ድረስ መጥቶ፣ «የቶንጎውን ደረሰኝ ዋናውን አምጣ፣ ኮፒ አልቀበልም፣ ካልሆነ ይቆረጥብሃል» አለው። ተጠኚው ጠፍቶብኛል አለ። ደረሰኙ በኪስ ቦርሳው ውስጥ፣ ከመታወቂያው ጀርባ፣ አራት ቦታ ታጥፎ ተቀምጧል። ገንዘቡ ከሰኔ ደመወዙ ተቆርጧል።