በአፍ የሚነዳ ሞተር

ሞተረኞች ሻይ ቤት ከተሰበሰቡ ቤንዚን ይረክሳል። አንዱ «የኔዋ ቦክሰር በሊትር 50 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ይላል፤ ሁለተኛው ሻዩን ሳያማስል 60 ያስገባታል፤ ሦስተኛው 70 ላይ ያቆማታል፤ ያውም ይሉኝታ ይዞት።

«በምን ለካኸው?» ያለ ምቀኛ ነው። ታንኩን እስከ አፉ ሞልቶ መንዳት፣ እንደገና ሲሞሉ የተሄደውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ማካፈል የልጅ ሂሳብ ነበር። ነገር ግን ቆጣሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ቤንዚኑም ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ ነው፤ ሊትር መሙላቱን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ከኋላ የተጫኑት ሁለት ሰዎችና ጆንያው፣ ንፋስ ያነሰው ጎማ፣ የላላው ካቴና አይነሱም። ደጋ ላይ አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ ቤንዚን እንደሚያበዛም አይወራም። ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቶ መውረድ ግን «ቁጠባ» ተብሎ ይመዘገባል፤ የፍሬን ሸራውን ዋጋ የሚደምር የለም።

ስለዚህ መከራከር አያስፈልግም። ባለ 70ውን ዕቃ ላኩትና የነዳጅ ሂሳብ ጠይቁት፤ ያቺው ሞተር እዚያው በቆመችበት በሊትር 25 ትገባለች።