ሲዘጋጅ የሚኖር መኪና፦ ስለ አሮጌው ላንድክሩዘርና ስለ ባለቤቱ የቀረበ ጥናት

መግቢያ

ስለ ዋልያ ብዙ ተጽፏል። ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ጭላዳም እንዲሁ። በአዲስ አበባ ጋራዦች ውስጥ የማይጠፋውና መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀው አሮጌው ላንድክሩዘር ግን እስካሁን ተገቢውን ምሁራዊ ትኩረት አላገኘም። ዋልያ ለተራራ ተፈጥሮ ተራራ ላይ ይኖራል። አሮጌው ላንድክሩዘር ለተራራ እየተዘጋጀ የሚኖረው ጋራዥ ግቢ ውስጥ ነው፤ ጎማው ወልቆ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ። ለዚህ ሥራ መነሻ የሆነው ይህ የአኗኗር ልዩነት ነው።

ጥናቱ ሁለት ጥያቄዎችን ያነሳል። አንደኛ፣ ጤነኛ ሰው የ30 ዓመት መኪና ገዝቶ ለኦፍሮድና ለካምፒንግ ማዘጋጀት ለምን ይጀምራል? ሁለተኛ፣ መቼ ይጨርሳል?

የጥናቱ ዘዴ ምልከታ ነው። አጥኚው ከጋራዥ በር ፊት ለፊት ባለች ጀበና ቡና ዱካ ላይ ተቀምጦ ሲከታተል ቆይቷል። ቃለ መጠይቅም ተካሂዷል፤ ጥያቄ ማዘጋጀት ግን አላስፈለገም። የአሮጌ ላንድክሩዘር ባለቤት ሳይጠየቅ ይናገራል፤ አድካሚው ሥራ እንዲያቆም ማድረጉ ነው።

የዘር ሐረግ

ዝርያው ከጃፓን የመጣ ነው። ቶዮታ ቢጄ የተባለውን የመጀመሪያውን መኪና ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1951 ፉጂ ተራራ ላይ እስከ 6ኛው ጣቢያ አወጣው። ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘው በ1954 ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ያ መኪና ተራራውን የወጣው ዊንች ሳይገጠምለት፣ ስኖርክል ሳይበቅልለት፣ ፍሪጅም ሳይጫንበት መሆኑ ነው። ይህ እውነታ ለጥናቱ ተሳታፊዎች ሲነገራቸው ወሬ ቀይረዋል።

ባለ 70 የሚባለው ትውልድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1984 ወጣ፤ በእኛ አቆጣጠር 1977 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያ የድርቅ ዘመንና ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ነጭ ላንድክሩዘር የረድኤት ድርጅቶች መለያ እስኪመስል ድረስ አገሩን አዳረሰው፤ በፊቱ ረጅም የሬዲዮ አንቴና፣ በበሩ ላይ ዓርማ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መኪናው ጨረታ ይወጣል፤ ዓርማውም ይፋቃል። ቀለሙ ግን ዓርማው በነበረበት ቦታ ላይ ፀሐይ አልነካውምና ቅርጹ እንዳለ ይቀራል። አዲሱ ባለቤት መኪናውን ሁለት ጊዜ ቢያስቀባም ያንን በር አያስነካም። እንግዳ ሲመጣ በሩን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ይሄ መኪና እኮ ጎዴ ደርሶ የተመለሰ ነው» ይላል።

እውነቱን ነው፤ ደርሶ ተመልሷል። የደረሰው ግን በፋብሪካ ጎማው፣ በፋብሪካ ባሌስትራው፣ ደመወዙ እንዳይዘገይበት በሚጸልይ አንድ ሾፌር እጅ ነው። ለጉዞ ብቁ አይደለም የተባለው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው።

ሕግም ለዝርያው መቆየት አስተዋጽኦ አድርጓል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና በሚያስገባ ሰው ላይ እስከ 500 ከመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ምትክ የለውም። ደላላው ይህን ከሁሉም ቀድሞ ተረድቷል፤ «ጋሼ፣ ይሄ መኪና አይደለም፣ መሬት ነው» ብሎ ይሸጠዋል። ገዢውም እንደ መሬት ያጥረዋል እንጂ አይነዳውም።

አካላቱና የአበቃቀላቸው ሥርዓት

ጥናቱ የደረሰበት የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ የሚታይ አካል ከማይታየው ቀድሞ ይበቅላል።

ስኖርክልን እንውሰድ። ሞተሩ አየር የሚስብበትን አፍ እስከ ጣሪያው ከፍ የሚያደርግ ቱቦ ነው። ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ፣ ወንዝ ሲሻገሩ ወደ ሲሊንደር ከገባ ቢዬላ ያጎብጣል፤ ስኖርክል ይህን ይከላከላል። እስከዚህ ድረስ ሳይንሱ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የዚያው መኪና ዲፈረንሻል አንዲት ትንሽ መተንፈሻ አለችው። ረጅም መንገድ ሄዶ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻዋም ሆነ ባረጀ የዘይት መከላከያ ጎማ በኩል ውሃ ይስባል። በማግስቱ ዘይቱ ሲቀዳ ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ይወርዳል። መፍትሔው መተንፈሻዋ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክቶ ጫፉን ወደ ሞተሩ ክፍል ማውጣት ነው። ቱቦው ርካሽ ነው፤ በግማሽ ቀን ይገጠማል፤ ማንም አያየውም። አጥኚው ስኖርክል የበቀለላቸውን ብዙ መኪኖች አይቷል። ይህች ቱቦ ያለችውን ለማየት ግን ገና አልታደለም።

ሁለተኛው ሕግ የዕቃ ምንጭን ይመለከታል። ባለቤቱ ኦሪጅናል እንጂ ሌላ አይገዛም፤ ሻጩም ኦሪጅናል እንጂ ሌላ አይሸጥም። ሱማሌ ተራ የተሰማውን እነሆ፦

«ይሄ አሞርዛተር የጃፓን ነው?»

«ኦሪጅናል ነው ጋሼ።»

«እኮ፣ የጃፓን ኦሪጅናል?»

«የዱባይ ኦሪጅናል ነው። እንዲያውም እሱ ይሻሎታል፤ ጃፓን መንገዱ ጥሩ ስለሆነ ለስላሳ አድርገው ነው የሚሠሩት።»

ባለቤቱ ጥቂት ካሰበ በኋላ አራቱንም ገዝቷል።

የክብደት ዑደት

የዝግጅት ማለቂያ ለምን እንደማይገኝ የሚያስረዳው ይህ ክፍል ነው።

ነገሩ ከጎማ ይጀምራል። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው 7.50 በ16 ጎማ ቁመቱ 32 ኢንች ገደማ ነው። ባለቤቱ ይህን አውልቆ 35 ኢንች ያስገባል። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር የበለጠ መንገድ ስለሚሸፍን ማርሾቹ ሁሉ ወደ 10 ከመቶ ያህል እንደረዘሙ ይቆጠራል፤ የፍጥነት መለኪያውም 80 እያሳየ መኪናው 87 ይሄዳል። ባለ 4.2 ሊትሩ ናፍጣ ሞተር ስድስት ሲሊንደር እንጂ ቱርቦ የለውም፤ የሚተነፍሰው ያገኘውን አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በውጤቱም ለባሌ ሰነቲ፣ ለ4,000 ሜትሩ አምባ የታሰበው መኪና እንጦጦን በ2ኛ ማርሽ ይወጣል፤ ከኋላው አንድ አህያ የሚነዳ ሰው ትዕግሥቱ እያለቀ ይከተለዋል።

ቀጥሎ ፊቱ ላይ የብረት ፓራውልት ይገባል፤ በላዩም ዊንች። ሁለቱ አንድ ላይ አንድ ኩንታል ገደማ ናቸው። አፍንጫው ወደ መሬት ስለሚያዘነብል ወፍራም ባሌስትራ ይገባለታል። ባሌስትራው ስለሚያንገጫግጭ አሞርዛተር ይለወጣል። ክብደቱ የጨመረ መኪና ናፍጣ ይጠጣል፤ ስለዚህ ባለ 20 ሊትር የብረት ጄሪካኖች ይገዛሉ፤ እያንዳንዱ ሲሞላ 20 ኪሎ ያልፋል። ለጄሪካኖቹ ማስቀመጫ ፖርቶመጋላ ይበየዳል። ፖርቶመጋላ ካለ ዘንዳ ከ50 እስከ 70 ኪሎ የሚመዝን የጣሪያ ድንኳን ቢወጣበት ምን አለበት? ይወጣበታል። አሁን ክብደቱ ሁሉ ወደ ላይ ስለሄደ መኪናው ኩርባ ላይ ይወላገዳል። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ በጀርባው እየተንሸራተተ ይወጣና «ጋሼ፣ ባሌስትራው አልቻለም» ይላል።

እዚህ ላይ አንባቢ ወደ ዑደቱ መጀመሪያ እንደተመለስን ያስተውላል። መካኒኩ ይህን ካስተዋለ ቆይቷል፤ ልጆቹንም በዚሁ ያስተምራል።

ማኅበራዊ ሕይወት

የባለቤቱ ባለቤት በዝግጅቱ ዘመን አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች፦ «እና መቼ ነው የምንሄደው?» የተመዘገቡት መልሶች በሦስት ይመደባሉ። የመጀመሪያው ሜካኒካዊ ነው («ባሌስትራው ይግባ»)። ሁለተኛው ወቅታዊ ነው («ክረምቱ ይውጣ»)። ሦስተኛው ዲፕሎማሲያዊ ነው («ከዱባይ የሚመጣ ሰው አለ፤ ዕቃውን በሻንጣ ይዞልኝ ይመጣል»)። ከዱባይ የሚመጣው ሰው በመጨረሻ ይመጣል፤ የሚያመጣውም ሽቶ ነው።

መኪናው ግን ሥራ ፈት ነው ማለት ስህተት ይሆናል። ከበቾ የአማቶቹን ጤፍ አምጥቷል። ሶፋ አዛውሯል። የሰፈሩ እድር ከሁሉም ቀድሞ የዚህን መኪና ጥቅም የተረዳ ተቋም ነው፤ ሞት ሲለፈፍ ሰብሳቢው በቀጥታ የሚደውሉት ለእሱ ነው። በፖርቶመጋላው ላይ በተደጋጋሚ ተጭኖ የታየው ድንኳን የካምፒንግ ሳይሆን የእድር ነው። ባለቤቱ «ለዚህ አይደለም ያሠራሁት» ብሎ ያጉረመርማል፤ ገመዱን ግን ማንም እንዲያስር አይፈቅድም። እንዴት እንደሚታሰር አንብቧል።

የመስክ ምልከታ

የጥናቱ ዋና ናሙና የሆነው መኪና አንድ ጊዜ ወጥቶ ታይቷል። ጉዞው ወደ ላንጋኖ ነበር፤ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሊነሱ የታቀደው ሌሊት 11 ሰዓት ነው፤ የተነሱት ረፋድ ላይ። መንገዱ እስከ ሐይቁ መገንጠያ አስፋልት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለው አጭር የአፈር መንገድ ዝናብ ሰብሮት አንድ ቦታ ጭቃ አቁሮ ነበር። ይህን ሲያይ የባለቤቱ ፊት በራ።

መኪናው ቆመ። በእነዚህ አሮጌ መኪኖች ፎርዊል ለማስገባት አንድ ሰው ወርዶ የፊት ጎማዎቹ መሐል ላይ ያለውን መቆለፊያ በእጁ መጠምዘዝ አለበት፤ የወረደው የሚስቱ ወንድም ነው፤ ጫማው ነጭ ነበር። ከዚያ ከጎማዎቹ አየር ተቀነሰ፤ አየሩ የቀነሰ ጎማ ተለጥጦ ክብደቱን በሰፊው ስለሚያሳርፍ በለስላሳ መሬት ላይ አይሰምጥም። ግፊቱ በየጎማው ተለካ፤ አንዱ በዝቶ ስለተገኘ እንደገና ተለካ። ፎር ሎው ገባ። አንድ ሰው ፎቶ ለማንሳት ቀድሞ ተሻገረ።

በዚህ መካከል ከኋላ አንድ ባጃጅ መጣ። ሦስት እናቶች፣ አንድ ጆንያ ሽንኩርትና አንድ በግ ይዟል። ሾፌሩ በግራ በኩል ያለውን ደረቅ ጠርዝ አየና አንዱን ጎማ በዚያ፣ ሁለቱን በጭቃው አስይዞ፣ ሳይቆም አለፈ። ጡሩምባ ነፍቶ ሰላምታ ሰጥቷል። በጉ ዞር ብሎ አይቷል።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ባለቤቱ «ባጃጅ ቀላል ስለሆነ ነው» አለ። ይህ በጥናቱ ዘመን ሁሉ ከተሰሙት ሳይንሳዊ ማብራሪያዎች ትክክለኛው ነው፤ ይሁን እንጂ ወደ ተግባር አልተለወጠም።

ማታ ሐይቁ ዳር የጣሪያው ድንኳን ተዘረጋ፤ መሰላሉ ወረደ፤ ፍሪጁ በሁለተኛው ባትሪ መሥራት ጀመረ። ከብት የሚያስገባ አንድ እረኛ ልጅ ቆሞ ሁሉንም በጥሞና ሲመለከት ቆየና በመጨረሻ ጠየቀ፦ «ቤት የላችሁም?» እንዳላቸው፣ ያውም አዲስ አበባ እንደሆነ ተነገረው። ልጁ መልሱን አመዛዘነና ከብቶቹን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ፈጥኖም ነበር።

በመልስ ጉዞ ባለቤቱ የጎደሉትን ዕቃዎች ዝርዝር ሲያጽፍ ነው የመጣው፤ ኮምፕሬሰር፣ መኪና ከጭቃ የሚያወጣ የጎማ ምንጣፍ፣ የጎን መብራት። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የተገኘው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚዘጋጀው ለጉዞ ብሎ አይደለም፤ ጉዞ የሚያስፈልገው ምን እንደጎደለ ለማወቅ ነው።

የመኖሪያ አካባቢ መመናመንና ምክረ ሐሳብ

ዝርያው ከባድ አደጋ ተጋርጦበታል፤ እሱም አስፋልት ነው። ቀድሞ ጭቃዋ የሚፈራው ወንጪ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ለምታ ዛሬ ሰው በትንሽ የቤት መኪና፣ ተረከዝ ጫማ አድርጎ ይደርስባታል። ባለቤቶቹ በዚህ ክፉኛ አዝነዋል። አንዳንዶቹ ከአስፋልቱ ጎን አሮጌውን መንገድ ፈልገው ሲነዱ ታይተዋል፤ በአስፋልቱ ላይ የሚያልፉ ሰዎችም ተበላሽቶባቸው መስሏቸው ቆመው «እንርዳችሁ?» ብለዋል። ይህ ዓይነቱ ደግነት ሞራል ይነካል።

የዝግጅቱን ማለቂያ በተመለከተ ጥናቱ መልስ አላገኘም፤ ዋናው ናሙና ለባሌስትራ ስለተኛ ክትትሉ ይቀጥላል። እስከዚያው የሚከተለው ምክረ ሐሳብ ለሚመለከተው አካል ቀርቧል። አዲስ መንገድ በሚሠራበት ሁሉ ከአሮጌው ጥቂት ኪሎ ሜትር እንዳይነካ ይከለል። በየክረምቱ ጭቃው ይጠበቅ፤ ከደረቀም ውሃ ይጨመርበት። ቤተሰብ ቆሞ የሚያይበትና ፎቶ የሚነሳበት ከፍ ያለ ቦታ ይዘጋጅ። ባለቤቱም ጎማውን አስተንፍሶ፣ መቆለፊያውን አስጠምዝዞ፣ በፎር ሎው ይሻገር፤ ይጨብጨብለት።

በሩ ላይ ግን ዘበኛ ይቁም፤ ባጃጅ እንዳይገባ።